ያለ ክፍያ የሚቆመው ጠበቃ፦ በመሃል አዲስ አበባ የተከላካይ ጠበቃ አገልግሎት ሲገመገም

በልደታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዙሪያ ለባለጉዳይ የሚቀርበው ነገር ሁሉ ዋጋ አለው። ራፖር ጸሐፊው አቤቱታ ሲያዘጋጅ በገጽ ያስከፍላል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በቅጠል ይቆጥራል፣ ሰው ቀጠሮው እስኪደርስ የሚያርፍባቸው ካፌዎችም ወንበራቸውን ያለ ሻይ አይሰጡም። በዚህ ሁሉ መካከል ያለ አንዳች ክፍያ የሚገኘውና ከሁሉም የከበደ ውጤት ያለው አገልግሎት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለት ተከላካይ ጠበቃ ነው። ስለ ምግብ ቤቱ፣ ስለ ባንኩና ስለ ክሊኒኩ በየዕለቱ አስተያየት ሲጻፍ፣ ስለዚህ አገልግሎት የተጻፈ ግምገማ እምብዛም አይታይም፤ ከተገልጋዮቹ ብዙዎቹ አገልግሎቱን የሚያገኙት ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ሆነው ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ በንግድና በውል ጉዳዮች ላይ የምሠራ ጠበቃ ብሆንም፣ እዚህ የምጽፈው በተገልጋይ ወገን ተቀምጬ ያየሁትን ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሞባይል ቀምቷል ተብሎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 671፣ ማለትም በከባድ ውንብድና ተከሰሰ። እናቱ ጉሊት ነግደው የሚያድሩ ሴት በመሆናቸው፣ የግል ጠበቃ የሚጠይቀውን ክፍያ የሚሸፍኑበት መንገድ አልነበራቸውም። የእድራችን ሊቀመንበር «አንተ ጠበቃ አይደለህም እንዴ ልጄ? ምነው ብትቆምለት?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ የጥብቅና ፈቃዴም በወንጀል ችሎት እንዳልቆም አይከለክለኝም። ይሁንና የዐቃቤ ሕግ ምስክርን በመስቀለኛ ጥያቄ ፈትኖ የማያውቅ ሰው፣ ለብዙ ዓመታት በሚያሳስር ክስ ላይ በሰው ልጅ ልምምድ መጀመር የለበትም ብዬ ስለማምን፣ ከመንግሥት እንዲጠየቅለት መከርኩ። ፈቃዴ የሚፈቅደውን ነገር እኔው ራሴ የማልፈቅደው መሆኑ ነው የዚህ ግምገማ መነሻ። ለአቅመ ደካማ ተከሳሽ ለመቆም ምን ዓይነት ብቃት ያስፈልጋል? ብቃቱን የሚያረጋግጠው ማን ነው? የማረጋገጡንስ ወጪ የሚችለው ማን ነው?

የመብቱ መሠረት አያከራክርም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ የተከሰሱ ሰዎች በመረጡት የሕግ ጠበቃ የመወከል፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣታቸው ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ድንጋጌው አቅም ማጣትን ብቻ ሳይሆን የፍትሕ መጓደል ሥጋትንም አብሮ ያስቀመጠ በመሆኑ፣ ችሎቶች ይህን ሁለተኛውን መስፈርት አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት በክሱ ክብደት ነው። ቀለል ባለ ክስ የቀረበ ድሃ ብቻውን ሲከራከር የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ክስ መሰማት ሲጀምር መንግሥት አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች ጠበቆችን አቁሞ ነበር፤ ዛሬ በዚያው መብት የሚጠቀሙት ግን በአብዛኛው የቀን ሠራተኛው፣ የጎዳና ነጋዴውና ሥራ ፈላጊው ወጣት ናቸው።

አገልግሎቱን ለማግኘት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። ክሱ ለተከሳሹ ደርሶ ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ዳኛው ጠበቃ ማቆም ይችል እንደሆነ ይጠይቁታል፤ አቅም እንደሌለው ሲያስረዳ ችሎቱ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት አዝዞ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል። ማመልከቻ ማጻፍ፣ ቴምብር መለጠፍ፣ ደጅ መጥናት የሚባል ነገር አልገጠመንም። «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ሳልሰማ ጉዳይ ሲፈጸም ያየሁበት የመንግሥት አገልግሎት ይህ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። በአንጻሩ ሌሎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት ብዙውን ጊዜ ከወረዳ የአቅም ማነስ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ልጁ የታሰረበት እናት በዚያ ላይ የወረዳ ሰልፍ ሲጨመርባቸው ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

የተመደበችለት ባለሙያ ወጣት ነበረች። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው በቀጠሮው ጠዋት፣ በችሎቱ ኮሪደር ላይ፣ አጃቢ ፖሊስ ከጎኑ ቆሞ ነው። መዝገቡን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ የክሱን ቅጂ በእስክርቢቶ እያሰመረች አነበበች፤ ከዚያም የተያዘው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሲያዝ ስልኩ እጁ ላይ ተገኝቶ እንደሆነ፣ ፖሊስ ጣቢያ የፈረመበትን ቃል ከመፈረሙ በፊት አንብቦት እንደሆነ ጠየቀችው። ለመጨረሻው ጥያቄ «አላነበብኩትም» ሲላት፣ በክሱ ወረቀት ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። እናትየው «አደራሽን የኔ እናት» ሲሏት፣ «እማማ፣ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ያን ዕለት ማታ አብሮት የነበረ ሰው ካለ ሙሉ ስሙንና አድራሻውን ይዘውልኝ ይምጡ» አለቻቸው። ንግግሩ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሲኒ ቡና የሚጠጣበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልወሰደም። ጥያቄዎቹ ግን እኔ በዚያ ቅጽበት ላስባቸው ከምችላቸው የተሻሉ ነበሩ፤ ሦስቱም በኋላ በክርክሩ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል።

ልምድ ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት የግል ተበዳዩ ምስክርነት ሲሰጥ ነው። ምስክሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ስልኩን ከነጠቁት አንዱ ይህ ተከሳሽ መሆኑን በእርግጠኝነት ተናገረ። ዐቃቤ ሕጉ ዋና ጥያቄውን ሲጨርስ፣ ተከላካይ ጠበቃዋ ተነሥታ ስለ ድርጊቱ ምንም ሳትጠይቅ ስለ መንገዱ ጠየቀች፦ መብራት ነበር ወይ፣ የነበረው የመንገድ መብራት ነው ወይስ የሱቅ፣ ሱቁ በዚያ ሰዓት ክፍት ነበር ወይ። ቀጥላ ሰውየውን በምን እንደለየው ጠየቀችው፤ «በጃኬቱ» አለ። የጃኬቱን ቀለም ስትጠይቀው «ሰማያዊ» ሲል፣ ለፖሊስ በሰጠው ቃል «ጥቁር» ማለቱን ከመዝገቡ አንብባ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልዩነቱ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍርልኝ» ብላ ተቀመጠች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ ምስክሩን ውሸታም አላለችም፣ ስለ ሰብዓዊ መብት ንግግር አላደረገችም። እኔ ብሆን ኖሮ «ታዲያ እንዴት ለየኸው?» ብዬ ምስክሩ ቀዳዳውን እንዲደፍን ዕድል እሰጠው ነበር። የሕግ ትምህርት ቤት ይህን የመቀመጫ ሰዓት አያስተምርም። መዝገቡ ውሳኔ አግኝቷል፤ ጠበቃ የሚመዘነው በሠራው ሥራ እንጂ በፍርዱ ባለመሆኑ ግን ውጤቱን እዚህ አላነሣውም።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ የአገልግሎቱን ጉድለት ሳልገልጽ ባልፍ ግምገማው ምስክርነት ሳይሆን ውለታ መመለስ ይሆናል። በሌላ ቀጠሮ ያቺ ባለሙያ በሌላ ችሎት በነበራት ጉዳይ ምክንያት አልቀረበችም፤ በእሷ ምትክ የቀረበው ባልደረባዋ መዝገቡን የተረከበው በዚያው ጠዋት ነበር። በዚያ ዕለት የተሰሙት ምስክር ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ነበሩ፤ ጠበቃው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ፣ መልሱን ሳያሳድድ ተቀመጠ። ጥፋቱ የእሱ አይመስለኝም፤ ያላነበበውን መዝገብ ማንም ሊከራከርበት አይችልም። ነገር ግን ምስክር አንዴ ተሰምቶ ከተሰናበተ እንደገና ለማስጠራት ችሎቱን ማሳመን ስለሚያስፈልግ፣ በዚያ ጠዋት የጠፋው ዕድል በቀላሉ የሚመለስ አልነበረም። በክርክሩ ዘመን ሁሉ ከሁለቱ አንዳቸውም ልጁን ባለበት ማረሚያ ቤት ሄደው አላነጋገሩትም፤ ለመጓጓዣ የተመደበ መኪናም አበልም ስለሌለ እንደሆነ ስሰማ አልተገረምኩም። በአምስት ነጥብ መለኪያ፣ ለሙያ ብቃቷ ያለማመንታት አራት እሰጣለሁ፤ ለአገልግሎቱ ቀጣይነት ሁለት፣ ተከሳሹን ለማነጋገር ለተሰጠው ጊዜ ግን አንድ መስጠትም ይከብደኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ክፍተት ግን ተከላካይ ጠበቃው ከመመደቡ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይወስናል። አራዳ ምድብ ችሎት ጠዋት የቆመ ሰው እንደሚያውቀው፣ በጊዜ ቀጠሮ ደረጃ ጠበቃ ይዞ የሚቀርበው የሚከፍልለት ያለው ሰው ነው። ሌላው ፖሊስ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ ራሱ ለራሱ ይመልሳል፤ አብዛኛውም «ቤተሰብ አለኝ» ከማለት ያለፈ ክርክር አያቀርብም። የአንቀጽ 20 ጥበቃ የተጻፈው ለተከሰሱ ሰዎች ስለሆነ፣ ክስ ያልተመሠረተበት ተጠርጣሪ ከመንግሥት ጠበቃ ሲጠይቅ አይታይም። ይሁን እንጂ የወንጀል መዝገብ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚህ ደረጃ ነው፤ ለፖሊስ የተሰጠው ቃል፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 መሠረት በፍርድ ቤት የተመዘገበው የእምነት ቃል፣ የተያዘው ዕቃ የተመዘገበበት ሁኔታ፣ ሁሉም ጠበቃው ከመምጣቱ በፊት ያልቃሉ። የጎረቤቴ ልጅ ያላነበበውን ወረቀት የፈረመውም ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ነው የብቃት ማረጋገጫው ጉዳይ የሚነሣው። በአገራችን ሕግ ለጠበቃነት የሚጠየቀው የሕግ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ ፈተናና መልካም ሥነ ምግባር ነው። የቀድሞው የጥብቅና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 199/1992 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ፈቃድን በሁሉም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚያሠራው ፈቃድ ይለይ ነበር፤ ወንጀልን ከውል፣ ግድያን ከቤት ኪራይ ግን አልለየም። የተካው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ብዙ መልካም ነገር አምጥቷል፦ የጥብቅና ድርጅቶችን ፈቅዷል፣ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል፣ ጠበቆች ተከታታይ የሕግ ሥልጠና እንዲወስዱ አስገድዷል። በወንጀል መከላከል ለሚሠራ ጠበቃ የተለየ ማረጋገጫ ግን እርሱም አልፈጠረም። በመሆኑም ሕይወቱን በሙሉ የባንክ መያዣ ውል ሲያዘጋጅ የኖረ ጠበቃ ነገ ጠዋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 በከባድ ግድያ ለተከሰሰ ሰው ቢቆም የሚከለክለው የለም። ተከሳሹም የተመደበለት ሰው ከዚህ በፊት ስንት መዝገብ እንደተከራከረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለዳኞችና ለዐቃብያነ ሕግ የቅድመ ሥራ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከእነሱ ፊት ቆሞ የሚከራከረው ተከላካይ ጠበቃ ግን ሙያውን የሚማረው በተከሳሾች መዝገብ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ እንዴት እንደተያዘ መመልከት ይጠቅማል፤ ሁሉም ይቀዳ ለማለት ግን አይደለም። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ በአንቀጽ 58 ተጠርጣሪ ፖሊስ ጣቢያ እያለ ከሕግ ባለሙያ ጋር እንዲመካከር ይፈቅዳል፤ ምክሩም በነፃ ይሰጣል። በምላሹ ግን ማንም ተነሥቶ ጣቢያ አይገባም። ሙሉ ጠበቃ ያልሆነ ተወካይ የሠራባቸውን ጉዳዮች መዝገብ አቅርቦ፣ የጽሑፍ ፈተና ወስዶ፣ ድንገተኛ ሁኔታ ሲገጥመው እንዴት እንደሚመልስ በድምፅ ተፈትኖ ነው ማረጋገጫ የሚያገኘው። ተረኛ ጠበቃ ለመሆንም ሎው ሶሳይቲ በተባለው የጠበቆች ማኅበር የሚሰጠውን የወንጀል ክርክር ማረጋገጫ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህም የፖሊስ ጣቢያውንና የፍርድ ቤቱን ችሎታ ለየብቻ ይመዝናል።

መስፈርቱ የሚያስቀና ነው፤ የገንዘቡ ጎን ግን ያስጠነቅቃል። የፈተናውንና የሥልጠናውን ወጪ የሚችሉት በአብዛኛው ጠበቃው ራሱ ወይም የሚሠራበት ድርጅት ሲሆኑ፣ መንግሥት ለሕግ ድጋፍ የሚከፍለው ክፍያ ደግሞ ለረጅም ዘመን ሳይሻሻል በመቆየቱ፣ ወጣት ባለሙያዎች ከወንጀል ሥራ ሸሽተው ወደሚከፍለው መስክ አዘንብለዋል፤ የተረኛ ጠበቆች ቁጥርም ቀንሷል። በሰር ክሪስቶፈር ቤላሚ የተመራው ገለልተኛ ጥናት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ክፍያው ቢያንስ በ15 በመቶ እንዲጨምር ምክር ሰጠ፤ የችሎት ተከራካሪዎች ግን በ2022 ሥራ እስከማቆም ከደረሱ በኋላ ነው ስምምነት የተደረሰው። መስፈርት ከፍ አድርጎ ገንዘብ የነፈገ ሥርዓት መጨረሻው የሚመሰክር ወረቀት ያለው፣ የሚቆም ሰው ግን የሌለው ችሎት ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌ ናት። ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 50 ለተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚቆምለት ከባድ የፍትሕ መጓደል የሚደርስበት ከሆነ ነው ይላል፤ አገላለጹ ከእኛው አንቀጽ 20 ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው የሕግ ድጋፍ ሕግ ግን አንድ እርምጃ ተራምዶ፣ ብሔራዊ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት የተባለ ተቋም አቋቁሟል፤ ድጋፍ ሰጪዎች በዚሁ ተቋም ዕውቅና እንዲያገኙ አዝዟል፤ የሕግ ድጋፍ ፈንድም በዚያው ሕግ ፈጥሯል። አፈጻጸሙ የራሱ ችግር ይኖረዋል። የሚያስመሰግነው ግን ዕውቅናውንና ገንዘቡን በአንድ ሕግ ውስጥ አጣምሮ መደንገጉ ነው።

የእኛ አገልግሎት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ተከላካይ ጠበቆች የተደራጁት በፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዋቅር ውስጥ ስለሆነ፣ ደመወዛቸው የሚከፈለው ከፍርድ ቤቶች በጀት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 መሠረት የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት አዘጋጅቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ ይህ ለዳኝነት ነፃነት ትልቅ ዋስትና ነው። ለተከላካይ ጠበቃ ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ለችሎት አዳራሽ፣ ለዳኛ ደመወዝና ለሪከርድ ሥራ ከሚያስፈልገው ገንዘብ ጋር እየተሻማ የሚያድር አገልግሎት ሁልጊዜ የመጨረሻውን ድርሻ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ በችሎቱ ላይ አጥብቆ እንዲቃወም የሚጠበቅበት ባለሙያ ከዳኛው ጋር በአንድ ቤት ደመወዝተኛ መሆኑ፣ ምንም እንኳ እኔ ያየኋት ባለሙያ በዚህ ስትሸማቀቅ ባላይም፣ ለተከሳሹ ዓይን ደስ አይልም። እናትየው ራሳቸው «ልጅቷ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ናት አሉ፤ ታዲያ ለማን ትቆማለች?» ብለው ጠይቀውኛል፤ አጥጋቢ መልስ ለመስጠት ግማሽ መንገድ ፈጅቶብኛል።

ከመንግሥት በጀት ውጭ ያለው ምንጭ የግል ጠበቆች ግዴታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 በአንቀጽ 49፣ ማንኛውም ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሕግ አገልግሎት እንዲሰጥ አስቀምጧል፤ ከተጠቃሚዎቹ መካከልም የመክፈል አቅም የሌላቸውና ፍርድ ቤት አገልግሎት እንዲሰጣቸው የጠየቀላቸው ሰዎች ይገኙበታል። ሐሳቡ የሚያኮራ ነው። ሆኖም 50 ሰዓት ማለት በቀን ስምንት ሰዓት ሲሰላ ከስድስት የሥራ ቀናት ብዙም አይበልጥም፤ ብዙ ምስክር ያለበት አንድ ከባድ የወንጀል መዝገብ ይህን ጊዜ ገና ብይን ላይ ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጠበቃው ግዴታውን የሚወጣው ምክር በመስጠትና አቤቱታ በመጻፍ ነው፤ የወንጀል ችሎቱ ጫና ተመልሶ በጥቂት ደመወዝተኞች ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ምንጭ የሲቪል ማኅበራትና የዩኒቨርሲቲዎች ማዕከላት ናቸው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሆነ በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነፃ የሕግ ድጋፍ ለብዙ ሰው ደርሰዋል፤ ትኩረታቸው ግን በአብዛኛው ወደ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ቤተሰብና ፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ያመዝናል። ለወንጀል ተከሳሽ የሚለግስ ለጋሽ ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ የተበደለችን እናት ፎቶ ይዞ ገንዘብ መለመን ይቻላል፣ ሞባይል ነጥቋል የተባለን ወጣት ፎቶ ይዞ ግን አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ሥራ ላይ የተሠማሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን የነፃ ሕግ ድጋፉ ክፉኛ ተመትቶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገደቡን ካነሣ በኋላም የጠፋው የሰው ኃይል በአንድ ጊዜ አልተመለሰም። በለጋሽ ላይ የቆመ ተከላካይ ጠበቃ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መዝገቡን ትቶ የሚሄድ ጠበቃ መሆኑን ከዚያ ዘመን ተምረናል።

እንግዲህ እኔ የምመኘው አገልግሎት ምን እንደሚመስል ልግለጽ። በ2012 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቁት የወንጀል ሕግ ድጋፍ መርሆዎችና መመሪያዎች የሚያስቀምጡት መለኪያ ለእኛም ይበቃል፦ ድጋፍ ሰጪው ያለው ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ ከሚይዘው ጉዳይ ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። ይህን ወደ እኛ ስናመጣው ሁለት እርከን ያለው ማረጋገጫ ይበቃል። የመጀመሪያው ለፖሊስ ጣቢያና ለጊዜ ቀጠሮ የሚያበቃ ሆኖ፣ የተያዘ ሰው መብትን፣ የዋስትና ክርክርንና የምርመራ መዝገብ አነባበብን የሚፈትን ይሁን፤ ወጣት ጠበቆችም በዚህ ይግቡ። ሁለተኛው ለከባድ ወንጀሎች የሚሰጥ ሆኖ፣ ልምድ ካለው ተከላካይ ጠበቃ ጋር ተጣምሮ የተወሰኑ መዝገቦችን ከመቃወሚያ እስከ ቅጣት አስተያየት መከራከርን ይጠይቅ። የጽሑፍ ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ መስቀለኛ ጥያቄ በወረቀት አይታይም፣ በጆሮ ነው የሚሰማው። ማረጋገጫውን የጠበቆች ማኅበሩና የሕግ ትምህርት ቤቶች በጋራ ቢሰጡት፣ ፍርድ ቤቱ መዝጋቢ ብቻ ሆኖ ቢቀር፣ የእናትየው ጥያቄም በከፊል መልስ ያገኛል።

ወጪውን በሚመለከት ግን አቋሜ ጽኑ ነው፤ ማረጋገጫው ለጠበቃው ያለ ክፍያ መሰጠት አለበት። አሁን በፈቃደኝነት ከሚመጡት ጥቂት ወጣቶች የፈተና፣ የሥልጠናና የዕድሳት ክፍያ ከጠየቅን፣ ነገ የሚመጣ አይኖርም። እነዚያው መመሪያዎች ለሕግ ድጋፍ ራሱን የቻለ በጀትና ፈንድ እንዲኖር፣ ከወንጀል የተወረሰ ሀብትና የመቀጮ ገቢ ከምንጮቹ መካከል እንዲታዩ፣ በከሳሹና በተከላካዩ ወገን መካከልም ተመጣጣኝ የገንዘብ ክፍፍል እንዲደረግ ይመክራሉ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ዋናው ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከጀርባው መርማሪ፣ የፎረንሲክ ባለሙያና መኪና አለው፤ ተከላካይ ጠበቃዋ ያላት እስክርቢቶ ነው። ከዚሁ ፈንድ በመዝገብ ልክ የሚከፈላቸው ማረጋገጫ የያዙ የግል ጠበቆች ዝርዝር ቢዘጋጅ፣ ደመወዝተኛዋ በሁለት ችሎት በአንድ ጠዋት የምትፈለግበት ነገር ይቀንሳል፤ ምትክ ሆኖ የሚቀርበውም ሰው መዝገቡን በዋዜማው ያነበበ ይሆናል።

ይህ እስኪሆን ድረስ አገልግሎቱን ልጠቀምበት ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አዎን ነው፤ ያለ ጠበቃ ከመቅረብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ክስ የተመሠረተበት ሰው ቤተሰብ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሲሄድ የክሱንና የማስረጃ ዝርዝሩን ቅጂ፣ ለመከላከያ የሚሆኑ ምስክሮችን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት ለጠበቃው አዘጋጅቶ ቢይዝ፣ በኮሪደር የሚገኘው ያ አጭር ጊዜ ለፍሬ ነገሩ ይውላል። ተከሳሹ ጠበቃ የጠየቀው በቃል ከሆነ ጥያቄው በመዝገብ መስፈሩን ያረጋግጥ፤ ጉዳዩ በይግባኝ ሲታይ ይጠቅመዋል። ተተኪ ጠበቃ ድንገት ከቀረበና መዝገቡን እንዳላነበበ ከተናገረ ደግሞ፣ ምስክሩ ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ በፊት ተከሳሹ ራሱ እጁን አንሥቶ፣ ጠበቃው መዝገቡን አንብቦ ከእሱ ጋር እንዲመካከር አጭር ጊዜ እንዲሰጥለት ችሎቱን በአክብሮት መጠየቅ ይችላል።